‹ሲስተም ፋይል የለም› ሲላችሁ የቱን መንገድ ትይዛላችሁ? ለእጅ ጌም ኢሙሌተር የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ያደረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የስልክ ቻርጅና ከጓደኛ በዜንደር የመጣ ጌም ነው። ጌሙን በኢሙሌተር፣ ማለትም የኮንሶል (የጌም ማሽን) ጌም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ በሚያስጫውት ፕሮግራም ሲከፍቱት ግን ‹ሲስተም ፋይል የለም› የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል።

ከዚያ በኋላ ምክር አይጠፋም። አንዱ ‹ባዮስ አውርድ› ይላል። ሌላው ‹ኢሙሌተሩን ቀይረው› ይላል። ‹ሞባይል ቤት ወስደህ አስጭነው› የሚልም አለ፤ ‹ቴሌግራም ላይ ሞልቷል› የሚልም። የሚያናድደው ሁሉም ምክር ለሆነ ሰው በሆነ ቀን መሥራቱ ነው። ስለዚህ ማንም ከምክሩ ንቅንቅ አይልም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። መንገዱን የሚመርጥላችሁ የጎደለው ፋይል ዓይነት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ‹ባዮስ አጣሁ› ብሎ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የጎደለው ባዮስ አይደለም። ፋይሉ እዚያው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ኢሙሌተሩ ያላየው ነው፤ ወይ ደግሞ ከኢሙሌተሩ ጋር በነጻ የሚታደል ፋይል ሳይወርድ ቀርቶ ነው። መልእክቱን ሳያነቡ ፍለጋ መውጣት ዳታ መጨረስ ብቻ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ እጅ ኮንሶሎች ነው፦ ጌምቦይ አድቫንስ፣ ኒንቴንዶ ዲኤስ፣ ፒኤስፒ፣ 3ዲኤስና ፒኤስ ቪታ። ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ኮንሶሎች ሌላ ጣጣ አላቸው።

የጎደለው የቱ ነው?

‹ሲስተም ፋይል› በሚለው ስም ሥር አራት የማይገናኙ ነገሮች ተደብቀዋል።

የመጀመሪያው የኮንሶሉ የራሱ ፕሮግራም ነው። ባዮስ ወይም ፈርምዌር የሚባለው ይኼ ነው። አምራቹ ጽፎ ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው ስለሆነ ባለቤትነቱ የአምራቹ ነው።

ሁለተኛው የኢሙሌተሩ የራሱ ደጋፊ ፋይል ነው። ፊደላት፣ የሜኑ ምስሎች፣ ትንንሽ ነገሮች። ይህን የጻፉት የኢሙሌተሩ ሠሪዎች ናቸው፤ በነጻ ይሰጡታል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚደነግጠው በዚህኛው ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ግን ይኼው ነው።

ሦስተኛው ጭራሽ አልጠፋም። አለ፣ ግን አልታየም። ከዚፕ አልወጣም፣ ስሙ ተበላሽቷል፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብቷል፣ ወይም አንድሮይድ ለኢሙሌተሩ ፈቃድ አልሰጠውም።

አራተኛው ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚመጣ ነው። ዊንዶውስ ‹ቪሲ ራንታይም 140 ዲኤልኤል አልተገኘም› ይላል። ይህ ከጌሙም ከኮንሶሉም ጋር አይገናኝም። የማይክሮሶፍት ‹ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል› የሚባል ነጻ ጥቅል ስላልተጫነ ነው። ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ ስትጭኑት ያልቃል። አንዷን ዲኤልኤል ብቻ ከማይታወቅ ገጽ አውርዶ ሲስተም ፎልደር ውስጥ መወርወር ግን ላፕቶፕን ለቫይረስ በር ከፍቶ መስጠት ነው።

ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ ሜኑ የሚይዘውን ሬትሮአርክን የምትጠቀሙ ከሆነ መገመት አያስፈልግም። መጀመሪያ ኮሩን (ሬትሮአርክ ውስጥ የሚገባውን የአንድ ኮንሶል ኢሙሌተር) ጫኑ፤ ከዚያ ‹ኢንፎርሜሽን›፣ ቀጥሎ ‹ኮር ኢንፎርሜሽን› ውስጥ ግቡ። ታች ስትወርዱ ኮሩ የሚፈልጋቸው ፋይሎች በስም ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ከእያንዳንዱ አጠገብ አለ ወይም የለም ይላል። ከዚያ በላይ ጠቃሚው ደግሞ ‹ሪኳየርድ› ነው ወይስ ‹ኦፕሽናል› የሚለው ነው። ‹የለም፣ ኦፕሽናል› ካለ ተዉት። ያለሱ ይሠራል። ሰው ግን ‹የለም› የምትለዋን ብቻ አይቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ይውላል።

በምን እንመዝን?

መንገዶቹን ከማወዳደራችን በፊት መስፈርቱን እንስማማበት።

አንደኛ፣ ዳታ። ሁሉም ሰው የወር ያልተገደበ ፓኬጅ የለውም። ስንት ሜጋባይት ይበላል የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ጀልባ ይዞ ዘጌ ወይም ደቅ የሚሄድ ሰው ሐይቁ መሀል ላይ ‹ፋይሉን ከኢንተርኔት ላምጣ› ቢባል ምን ያደርጋል?

ሦስተኛ፣ ስልክ ብቻ ይበቃል ወይስ ኮምፒውተር፣ ኬብልና ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል?

አራተኛ፣ ሴቭ። ያለፋችሁት ደረጃ መንገድ ስትቀይሩ ይተርፋል ወይስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ? ይህን ማንም አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ሁሉም በኋላ ያለቅሳል።

አምስተኛ፣ ሕግና ደህንነት። ኢሙሌተር መጠቀም ራሱ ችግር የለውም። ባዮስና ፈርምዌር ግን የቅጂ መብት ያላቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይሸፍናል። ከዚህ ጎን ለጎን ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፋይል ምን ይዞ እንደሚመጣም አይታወቅም።

ከሁሉም በፊት፦ ያለውን ማየት

ይህ ከመንገዶቹ አንዱ አይደለም። የትኛውንም ከመያዛችሁ በፊት የምታደርጉት ነው። ዳታም ገንዘብም አይጠይቅም።

ፋይሉ ዚፕ ውስጥ ነው ወይ? ጌሞች ዚፕ ሆነው ሊከፈቱ ይችላሉ፤ ባዮስ ግን ብዙውን ጊዜ መውጣት አለበት።

ስሙስ? ኢሙሌተሩ የሚፈልገው ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ስም ነው። ሁለት ጊዜ የተቀበላችሁት ፋይል መጨረሻው ላይ በቅንፍ 1 ቁጥር ይጨመርበታል። ያኔ አበቃለት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የፋይሉ ቅጥያ ስለሚደበቅ ‹ቢን› የሚመስለው ፋይል ከኋላው ‹ቲኤክስቲ› አስከትሎ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ላይ የሚሠሩት ትንንሽ የእጅ ጌም ማሽኖች ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ለይተው ሊያዩ ስለሚችሉ ስሙን ኮር ኢንፎርሜሽን ላይ እንዳለው አድርጉት።

መጠኑስ? ይህች ምርጥ መመርመሪያ ናት። የጌምቦይ አድቫንስ ባዮስ በትክክል 16 ኪሎባይት ነው፤ 16,384 ባይት። ከዚያ ከበለጠ ወይም ካነሰ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሞባይል ቤት ‹ባዮስ› የሚል ፎልደር ያለው ሚሞሪ አለ። ውስጡ ያለው ፋይል 40 ኪሎባይት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጽሑፍ ማንበቢያ ስትከፍቱት የአንድ ድረ ገጽ ኮድ ይወጣል። የሆነ ሰው ‹ዳውንሎድ› የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ገጹ ራሱ ተቀምጦለት፣ እሱም ለሱቁ ሰጥቶ፣ ሱቁ ለከተማው ሲያድል ኖሯል።

ፈቃዱስ? ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አፖች ሚሞሪውን እንደፈለጉ አያዩም። ‹አንድሮይድ› በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው ‹ዳታ› ደግሞ ለተራ ፋይል ማኔጀር ተዘግቷል። ፋይላችሁን እዚያ ለማስገባት ከመታገል በግልጽ የሚታይ ፎልደር ክፈቱ፤ ኢሙሌተሩ ሲጠይቅ ያንን ፎልደር ምረጡለትና ፍቀዱ። ሬትሮአርክ ላይ ‹ሴቲንግስ›፣ ከዚያ ‹ዳይሬክቶሪ› ውስጥ ‹ሲስተም ባዮስ› የሚለው ወዴት እንደሚያመለክት እዩ። ፋይሉ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው እንጂ ከጌሞቹ ጋር አይደለም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ‹የለም› ካለ፣ እንግዲህ ወደ ምርጫው።

መንገድ አንድ፦ ነጻ ተተኪና ከኢሙሌተሩ የሚታደል ፋይል

የኢሙሌተር ሠሪዎች የአምራቹን ባዮስ ማደል እንደማይችሉ ስለሚያውቁ የባዮሱን ሥራ የሚሠራ የራሳቸውን ኮድ ጽፈዋል። ስለዚህ ለብዙዎቹ ኮንሶሎች ጥያቄው አስቀድሞ ተመልሷል።

ጌምቦይ አድቫንስ ላይ ኤምጂቢኤ የተባለው ኢሙሌተር ውስጡ ተተኪ ባዮስ አለው። ዋናውን ብታስገቡለት የምታገኙት ሲከፈት የሚታየውን አርማና በጥቂት ጌሞች ላይ ትንሽ የበለጠ ትክክለኛነት ነው። ለተራ ተጫዋች ልዩነቱ አይታይም።

ኒንቴንዶ ዲኤስ በፊት ያስቸግር ነበር። ሜለንዲኤስ የተባለው ኢሙሌተር ሦስት ፋይል ይጠይቅ ነበር፦ 16 ኪሎባይት የሆነው ባዮስ 7፣ 4 ኪሎባይት የሆነው ባዮስ 9፣ እና 256 ኪሎባይት ፈርምዌር። የቆዩ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ሁሉ እነዚህን ፈልጉ የሚሉት ለዚያ ነው። አሁን ሜለንዲኤስ ነጻ ተተኪ ባዮስ ይዞ ይመጣል፤ ፈርምዌሩንም ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ‹ዲኤስ ባዮስ የለም› ካላችሁ መጀመሪያ ኢሙሌተሩን አድሱት። የዲኤስአይ (ከዲኤስ በኋላ የወጣው ዓይነት) ሞድ ግን የተለየ ነው፤ እሱ ከእውነተኛ ማሽን የወጣ ፋይል ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፒኤስፒ፤ ትንሽ ቆም የምለው እዚህ ነው፤ ግቢ ውስጥ በብዛት የማየው ይህን ነውና።

የፒኤስፒው ኢሙሌተር ፒፒኤስኤስፒፒ ምንም ባዮስ አይፈልግም። በፍጹም። ‹የፒኤስፒ ባዮስ› ብሎ የሚሸጥላችሁ ወይም የሚልክላችሁ ሰው ነገሩን አያውቀውም። ታዲያ ያ መልእክት ከየት መጣ? የሚመጣው ፒፒኤስኤስፒፒን ለብቻው ሳይሆን በሬትሮአርክ ውስጥ እንደ ኮር ስትጠቀሙት ነው። ለብቻው የሚጫነው አፕ ፊደላቱንና ምስሎቹን ይዞ ይመጣል። ኮሩ ግን ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ ደጋፊ ፋይሎቹ ለየብቻ መውረድ አለባቸው። ሳይወርዱ ሲቀሩ ‹የኮር ሲስተም ፋይሎች ጎድለዋል፣ ችግር ይኖራል› የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ተንኮሉ ጌሙ መከፈቱ ነው። ይጀምራል፣ ትጫወታላችሁ፣ ሰው ማስጠንቀቂያውን ይረሳዋል። ከዚያ ሴቭ ማድረጊያው ይመጣል። ሳጥኑ ይወጣል፣ ውስጡ ግን ፊደል የለም። ‹አዎ› የቱ ነው፣ ‹አይ› የቱ ነው አይታወቅም። በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ቁልፍ ትጫናላችሁ። በአንዳንድ ጌም ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ጽሑፉ ግን ባዶ ነው። ይህን ካያችሁ የጎደለው ፊደላቱ ያሉበት ፎልደር ነው።

መፍትሔው ሬትሮአርክ ውስጥ ‹ኦንላይን አፕዴተር›፣ ከዚያ ‹ኮር ሲስተም ፋይልስ ዳውንሎደር›፣ ከዚያ ‹ፒፒኤስኤስፒፒ ዚፕ› ነው። ወርዶ ራሱ ይዘረጋል። የሚበላው ዳታ ቀላል ነው። አንዴ ካወረዳችሁ በሲስተም ፎልደሩ ውስጥ ‹ፒፒኤስኤስፒፒ› የሚል ፎልደር ይፈጠራል። ያንን ፎልደር እንዳለ በዜንደር ለጓደኛ ማቀበል ትችላላችሁ፤ ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ማንም አይከሳችሁም። አንድ ሰው አውርዶ ዶርሙን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል።

3ዲኤስ ላይ አዛሃር የተባለው ኢሙሌተር የተወሰኑትን የሲስተም ፋይሎች በተተኪ ይሸፍናል። አንዳንድ ጌም ላይ ‹የሲስተም አርካይቭ ጎድሏል› የሚል ይመጣል። ‹ቀጥል› ብላችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይሄዳል። የማይሄደው የኮንሶሉን የራሱን ሜኑ ወይም ሚ የተባሉትን ገጸ ባሕርያት አጥብቆ ሲጠቀም ነው።

መንገድ ሁለት፦ ኢሙሌተሩን መቀየር

አንዳንዴ ከመጠገን መተው ይሻላል። የፒኤስፒውን ጣጣ ውሰዱ። ሬትሮአርክን የፈለጋችሁት ለፒኤስፒ ብቻ ከሆነ ለብቻው ያለውን ፒፒኤስኤስፒፒ ጫኑ፤ ወሬው ያልቃል። ሬትሮአርክ የሚጠቅመው ብዙ ዓይነት ኮንሶል በአንድ ሜኑ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለአንድ ኮንሶል ብቻ መያዝ ራስን ማድከም ነው ባይ ነኝ።

ዲኤስም ላይ ያው ነው። ደስሚዩም የተባለው ሌላ ኢሙሌተር ላፕቶፕ ላይ ያለ ባዮስ ይሠራል። ሜለንዲኤስ አሮጌ ሆኖ ፋይል እየጠየቀ ካስቸገራችሁ መቀየር ይቻላል፤ ማደስ ግን ይቀድማል።

የዚህ መንገድ ዋጋ ሴቭ ነው። ሁለት ዓይነት ሴቭ አለ። በጌሙ ውስጥ በራሱ ሜኑ ያስቀመጣችሁት ብዙ ጊዜ ይሻገራል። ኢሙሌተሩ የሚያስቀምጠው ‹ሴቭ ስቴት› ግን ከአንዱ ኢሙሌተር ወደ ሌላው አይሻገርም። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ጌሙን ክፈቱና በራሱ ሜኑ ሴቭ አድርጉ። ጌምቦይ አድቫንስ ላይ ሬትሮአርክ ሴቩን ‹ኤስአርኤም› በሚል ቅጥያ ያስቀምጣል፤ ኤምጂቢኤ ለብቻው ‹ሳቭ› በሚል ይፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቅጥያውን መቀየር ይበቃል። ፒኤስፒ ላይ ‹ሴቭዳታ› የሚለውን ፎልደር ፈልጋችሁ ወደ አዲሱ ቅዱት።

መንገድ ሦስት፦ ከአምራቹ ማውረድ

ይህ የሚሠራው ለአንድ ኮንሶል ነው፤ ለፒኤስ ቪታ። የቪታው ኢሙሌተር ቪታ3ኬ እውነተኛውን ፈርምዌር ይፈልጋል፤ ተተኪ የለውም። ደስ የሚለው ሶኒ ራሱ ፈርምዌሩን ለኮንሶሉ ባለቤቶች ማደሻ ብሎ በይፋ ስለሚያወጣው ኢሙሌተሩ ሲከፈት ወደዚያው ሊንክ ይመራችኋል። ዋናው ፈርምዌርና የፊደላቱ ፓኬጅ ለየብቻ ይጫናሉ። ሰው የመጀመሪያውን ጭኖ ሁለተኛውን ይረሳል፤ ከዚያ ጽሑፍ አይታይም ብሎ ይደውላል።

ዳታው ግን ይሰማል፤ ዋናው ብቻ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። የግቢ ዋይፋይ ሲኖር አውርዳችሁ ፋይሎቹን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። አፑን አጥፍታችሁ ስትጭኑ እንደገና ማውረድ የለባችሁም። ቪታ3ኬ ራሱ ጠንከር ያለ ስልክ ስለሚፈልግ ስልካችሁ ዝቅተኛ ከሆነ መጀመሪያውኑ ዳታችሁን አታባክኑ።

መንገድ አራት፦ ከራስ ኮንሶል ማውጣት

ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ዲኤስ ወይም 3ዲኤስ መሳቢያ ውስጥ ካለ ይህ ንጹሑ መንገድ ነው። ፋይሉ የራሳችሁ ማሽን ላይ ያለው ነው፤ ትክክለኛነቱም አያጠራጥርም።

ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል። ዲኤስ ላይ ፍላሽ ካርድ (እንደ ጌም ካርድ ገብቶ ሌላ ፕሮግራም የሚያስኬድ) ያስፈልጋል። 3ዲኤስ ላይ ከስተም ፈርምዌር (ከአምራቹ ውጭ የተሻሻለ ፈርምዌር) መጫን አለበት፤ ከዚያ ኮንሶሉና አዛሃር ያለበት መሣሪያ አንድ ኔትወርክ ላይ ሆነው በ‹አርቲክ ሴታፕ ቱል› ይገናኛሉ። አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ከዲኤስአይ ወይም ከ3ዲኤስ ያወጣችሁት የዲኤስ ፈርምዌር 128 ኪሎባይት ነው፤ የዲኤስን ሜኑ መክፈት አይችልም። ‹ፈርምዌሩ አይነሳም› የሚለውን መልእክት አይታችሁ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ጌሙን በቀጥታ ክፈቱት።

ለጌምቦይ አድቫንስ ብላችሁ ይህን ሁሉ አትድከሙ። ተተኪው ይበቃል።

መንገድ አምስት፦ ከሱቅ ወይም ከቴሌግራም

ገበያ አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ ‹ባዮስ አለ?› ብትሉ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ‹አለ ወንድሜ፣ ሁሉም አለ፣ ሚሞሪህን ስጠኝ።› ልጁ ክፉ አይደለም። ግን የሚሰጣችሁ ከሌላ ሰው የተቀበለውን ነው፤ ያ ሰውም ከሌላ።

ፍጥነቱን አልክድም። ዳታ አይበላም፣ ወዲያው ነው። ችግሩ ሦስት ነው። የቅጂ መብቱ የማንም አይደለም፤ የአምራቹ ነው። ፋይሉ ትክክል ይሁን አይሁን ሱቁም አያውቅም። ሚሞሪያችሁም እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ በኋላ ምን ይዞ እንደሚመለስ አይታወቅም። ባዮስ የሚባለው ነገር ትንሽ ዳታ ፋይል ነው። ‹ባዮስ› ተብሎ ኤፒኬ ወይም ኢኤክስኢ ሆኖ ከመጣ ውሸት ነው፤ አትክፈቱት።

ሱቁን ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት። ነጻ የሆኑትን ኢሙሌተሮች፣ የፒፒኤስኤስፒፒን ደጋፊ ፎልደር፣ የማይክሮሶፍቱን ጥቅል በእነሱ ኢንተርኔት ከዋናው ገጽ እንዲያወርዱላችሁ ጠይቁ። ለዚያ መክፈል ተገቢ ነው፤ ሕጋዊም ነው።

ስለ ኒንቴንዶ ስዊች ኮንሶል የሚጠይቅ አይጠፋምና አንድ ቃል። እዚያ የሚጎድለው ‹ቁልፍ› የሚባለው፣ የተቆለፈውን ጌም የሚፈታው ፋይል ነው፤ ከራስ ኮንሶል ካልወጣ በቀር ንጹሕ መንገድ የለውም። ዩዙ የተባለውን ኢሙሌተር የሠሩት ሰዎች ከኒንቴንዶ ጋር በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ሲዘጉ የእነሱው 3ዲኤስ ኢሙሌተር ሲትራም አብሮ ተዘግቷል። የዛሬው አዛሃር ከሲትራ ዝርያ የመጣ ነው። ስለዚህ ‹ሲትራ› ብሎ የሚያስተምር አሮጌ ቪዲዮ ካያችሁ ወደ አዛሃር ተርጉማችሁ ስሙት።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ዳታ | ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት | ምን ይፈልጋል | ሴቭ | ሕግ | ለየትኛው ኮንሶል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ያለውን ማየት | ዜሮ | ይሠራል | ስልኩን ብቻ | አይነካም | ችግር የለም | ለሁሉም |
| ነጻ ተተኪና ደጋፊ ፋይል | ትንሽ | ይሠራል | ስልክ | አይነካም | ችግር የለም | ጌምቦይ አድቫንስ፣ ዲኤስ፣ ፒኤስፒ፣ በከፊል 3ዲኤስ |
| ኢሙሌተር መቀየር | መካከለኛ | ይሠራል | ስልክ | የጌሙ ሴቭ ይሻገራል፣ ስቴት አይሻገርም | ችግር የለም | ፒኤስፒ፣ ዲኤስ |
| ከአምራቹ ማውረድ | ብዙ | ይሠራል | ጠንካራ ስልክ ወይም ላፕቶፕ | አይነካም | በይፋ የወጣ | ቪታ |
| ከራስ ኮንሶል ማውጣት | ትንሽ | ይሠራል | ኮንሶል፣ ካርድ፣ ብዙ ጊዜ ላፕቶፕ | አይነካም | ንጹሕ | 3ዲኤስ፣ ዲኤስአይ ሞድ |
| ከሱቅ ወይም ቴሌግራም | ዜሮ ወይም ትንሽ | ይሠራል፣ ፋይሉ ትክክል ከሆነ | ዕድል | አይነካም | ጥሰት | ለማንም አልመክርም |

ታዲያ እናንተስ?

ስልክ ብቻ ያላችሁና ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ፦ ፒኤስፒን ለብቻው ባለው አፕ፣ ጌምቦይ አድቫንስን በኤምጂቢኤ ዓይነት ባዮስ በማይጠይቅ ኢሙሌተር ተጫወቱ። ከባዮስ ፍለጋ ለዘላለም ተገላገላችሁ።

ሬትሮአርክን ለምዳችሁ መተው ካልፈለጋችሁ፦ ደጋፊ ፋይሎቹን ዋይፋይ ባለበት ቀን አውርዱ። ከዚያ የሲስተም ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ሚሞሪ ላይ አኑሩ። ስልክ ቢቀየር ወይም ኔትወርክ ለቀናት ቢጠፋ ከዚያው ትመልሱታላችሁ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ከሆነ፦ የማይክሮሶፍቱን ጥቅል መጀመሪያ ጫኑ፤ ከዚያ ስለ ጌሙ እናወራለን። ቪታ መሞከር የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

እውነተኛ 3ዲኤስ ያላችሁ ከሆነ፦ አንድ ቅዳሜ መድቡና ፋይሎቹን አውጡ። ኮንሶሉ አንድ ቀን ባትሪው ወይም ስክሪኑ መሄዱ አይቀርም፤ ያኔ ማውጣት አትችሉም።

ትንሿን የቻይና እጅ ጌም የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳያችሁ ሌላ ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ጌም ዛሬ ‹ፋይል የለም› ካለ፣ ነገ ደግሞ ሌላው ካለ፣ የሚሞተው አብሮ የመጣው ሚሞሪ ካርድ ነው። አብረው የሚመጡት ካርዶች ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው። ፋይል በፋይል አትመልሱ። ካርዱ ገና እየተነበበ ሳለ ሴቮቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ከዚያ ደህና ካርድ ግዙና ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫኑበት። ሱቅ ስትገዙም ካርዱን እዚያው ስልክ ላይ አስገብታችሁ ትልቅ ፋይል ገልብጣችሁ ሞክሩት። ላዩ ላይ 128 ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ሁሉ 128 አይደለም።